ሃምሳ ኪሎ የሴት ዕቃ

አያቴ የጎልፍ መኪና የገዛችው ጎልፍ ልትጫወት አልነበረም። በቤታችን ጎልፍ ምን እንደሆነ በቅጡ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አባቴ «ትልልቅ ሰዎች ትንሽ ኳስ በዱላ መትተው ይጥሉና ተመልሰው ሲፈልጓት ይውላሉ» ብሎ ካስረዳኝ በኋላ እኔም ብዙ አልጠየቅኩም። ነገሩ የመጣው ከከተማው ዳር የነበረው ሆቴል ተዘግቶ ዕቃው በጨረታ ሲሸጥ ነው። ሰው አልጋና ፍሪጅ ሲሻማ፣ ሁለቱም ጉልበቶቿ የከዷት አያቴ ጥግ ላይ የቆመች ነጭ ባለ አራት ጎማ ነገር አየች። በባትሪ ትሄዳለች፣ ጣሪያ አላት፣ በር የላትም። በተለይ በር የሌላት መሆኗን ወደደችላት፤ ሲገቡም ሲወጡም ብዙ መታጠፍ የለም።

በጎኗ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ለአባላት ብቻ» የሚል ተጽፎባታል። አባቴ ቀለም ልቀባበት ቢል አያቴ እጁን መታችው። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ የምንም ነገር አባል ሳትሆን እንደኖረችና አሁን ያገኘችውን ማንም እንዳይነካባት አስታወቀች።

ችግሩ የታወቀው ገና ከሆቴሉ ግቢ ሳትወጣ ነው። አያቴ መሪውን ይዛ በግራ በኩል ስትቀመጥ መኪናዋ ዘመም አለች፤ የግራው የኋላ ጎማም ከላዩ ያለውን ሽፋን፣ መካኒኮች ፓራፋንጎ የሚሉትን፣ ይፈጭ ጀመር። ግርርር የሚል ድምፅ ነበረው፣ ከድምፁ ኋላ ደግሞ የተቃጠለ ጎማ ሽታ። የሰፈር ልጆች በሙሉ «ግርርር» እያሉ እስከ በራችን ድረስ አጀቧት። አያቴ ለእልልታ የወጡላት መስሏት እጇን እያውለበለበች ገባች።

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቤት ውስጥ የሚጠሩኝ «ሬዲዮ» እያሉ ነው፤ የሰማሁትን ሁሉ ስለማስተላልፍ። አንዳንዴ ያልሰማሁትንም አስተላልፋለሁ፣ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዜና ማን ያጣራል። ይህንንም ታሪክ በጊዜው ለሰፈሩ ያሰራጨሁት በሌላ መልኩ ነበር። በእኔ ዘገባ መሠረት አጎቴ የማይረባ መካኒክ፣ አባቴ ጎልፍ የሚጠላ ሰው፣ አያቴ ደግሞ ወፍራም ነበሩ። ከሦስቱ እውነት የሆነው አንዱ ብቻ ነው። አያቴ በእርግጥም ወፍራም ነበረች።

ራት ላይ አባቴ መንገድ ማዶ ጥሩ መካኒክ መኖሩን አነሳ። አያቴ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«እኔ መካኒክ ወልጃለሁ» አለች። «የሰው በር አላንኳኳም።»

አባቴ ሾርባውን ከግማሽ ትቶ ተነሳና ክፍሉ ገብቶ ዘጋ። እኔ ጨው በዝቶበት ነው ብዬ አሰብኩ፤ በእርግጥ በዝቶበት ነበር።

አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከሰፈራችን ወጣ ብሎ ባለ አንድ በር ጋራዥ ነበረው። ዓመት ተመንፈቅ ያህል ቤታችን ደርሶ አያውቅም፤ ለምን ብዬ ስጠይቅ ሥራ በዝቶበት ነው ይሉኛል። የዚያን ያህል ሥራ የበዛበት ሰው በዓለም ላይ መኖሩ ይደንቀኝ ነበር። እውነቱ ግን ሥራ ያጣ ሰው ነበር። ወንዱ አያቴ በአሮጌ ፒክአፑ ከሰፈራችን በላይ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሞተ። የፒክአፑን ፍሬን ከሳምንት በፊት የሠራው አጎቴ ነበር። በቀብሩ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባቴ ታናሽ ወንድሙን በጣቱ እያሳየ «ፍሬኑን የሠራው እሱ ነው» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ መጨመርም አላስፈለገውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያን ዕለት ወዲያ አጎቴ በደጃችን አላለፈም፤ ከሰፈራችን ሰውም መኪናውን ወደ እሱ የሚወስድ ጠፋ። ስለዚህ አያቴ መካኒክ ወልጃለሁ ስትል ጎማው ሰበብ ነበር። ሁለት ልጆቿን አንድ ግቢ ውስጥ ቆመው ማየት ፈልጋለች፣ ያውም ሳትሞት።

ቅዳሜ ጠዋት አጎቴ መጣ። ቀጭን ነው፤ ግራሶና ሳሙና አንድ ላይ ይሸታል። ከውጭው በር ላይ ቆሞ መግባት አቃተው። አያቴ በሁለት የታመሙ ጉልበቶቿ እየተጎተተች ሄዳ ክንዱን ይዛ አስገባችው። እናቴ ነርስ ስለሆነች ቅዳሜ ቅዳሜ ተረኛ ናት፤ አባቴ ደግሞ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ አይሠራም። ያን ቀን ግን ክፍሉ ተዘግቶ ዋለ። መጋረጃው በየደቂቃው ይነቃነቃል። አባቴ ጎልፍን እንዲህ አምርሮ የሚጠላው ለምን ይሆን እያልኩ ገረመኝ።

አያቴ «ጎማው ይፈጫል» አለችው። አጎቴ ጎማውን ትቶ በቀጥታ ወደ ፍሬኑ ሄደ። መኪናዋን በክሪክ አነሳ፣ ጎማዎቹን አወለቀ፣ ፍሬኑን ፈቶ አጸዳ፣ ገጠመ፣ ረገጠ፣ እንደገና ፈታ። ይህን ሦስት ጊዜ አደረገ። እኔ ትዕግሥቴ አልቆ «እማማ ጎማው ነው ያለችህ» አልኩት። ሰምቻለሁ አለኝና ለአራተኛ ጊዜ ረገጠው። ጆሮው ያልደነቆረ ከሆነ ጭንቅላቱ ነው ብዬ ደመደምኩ። በፍሬን ስሙ የጠፋ ሰው ምንም መኪና ቢሰጡት ከፍሬኑ እንደሚጀምር የገባኝ እኔም አድጌ ስሜ በአንድ ነገር ከጠፋ በኋላ ነው።

ጎማው ጋ ሲደርስ ግን እጁ ሌላ ሆነ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ጣቶቹን አስገባ። በቀኙ በኩል ሁለት ጣት ዘና ብሎ ይገባል፤ በግራው አንድ ጣትም አልገባ አለ። ከዚያ የፓራፋንጎውን ውስጥ በጠመኔ ቀባና አያቴን አስቀምጦ ግቢውን እንድትዞር አደረገ። ስትመለስ ጠመኔው የተጠረገበትን ቦታ አሳየኝ፤ መዳፍ ታህል ነበረች። የበሽታው ዝርዝር ረጅም ነው። የሆቴሉ ሰዎች ለውበት ብለው ከልኳ በላይ የሆነ ጎማ አስገብተውባታል። ከስሯ ተደራርቦ የታሰረው ብረት፣ ባሌስትራው፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሆዳም እንግዳ ተሸክሞ በግራ በኩል ለጥ ብሎ ተኝቷል። የባሌስትራውን ጫፍ የያዙት የጎማ ቀለበቶች ተበልተዋል፣ ንዝረት የሚያበርደው አሞርዛተርም ዘይቱን አፍስሷል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ ይገርመኝ ነበር። አጎቴ እያንዳንዱን ብሎን ካጠበቀ በኋላ መፍቻውን ለእኔ ሰጥቶ «ሳቢ» ይለኛል። ስቤ አልነቃነቅ ሲል በቀይ ቀለም ነጥብ ያደርግበታል፣ ከዚያ ደብተር አምጥቶ «ጠብቋል ብለሽ ጻፊና ፈርሚ» ይለኛል። እኔም «ጠብቋል፣ ሬዲዮ» እያልኩ ፈረምኩ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ብቻ አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ፈርሜያለሁ። ለሰፈር ልጆች ያስተላለፍኩት አጎቴ የገዛ እጁን የማያምን መካኒክ ነው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካልመሰከረችለት አንድ ብሎን አያጠብቅም ብዬ ነው። እዚህ ላይ ዘገባዬ ብዙም አልተሳሳተም።

ሥራው ሦስት ቅዳሜ ፈጀ። ልኳ የሆነ ጎማ ገባላት፣ የግራው ባሌስትራ ተለወጠ፣ ቀለበቶቹና አሞርዛተሩ አዲስ ሆኑ። በሦስተኛው ቅዳሜ በሁለቱም በኩል ሁለት ጣት ገባ። እሑድ አያቴ ነጭ ሹራቧን ለብሳ ወጣች። በዳቦ ቤቱ፣ በልብስ ሰፊዋ፣ በመድኃኒት ቤቱ በር እየቆመች «ልጄ ነው የሠራልኝ» አለች፤ የጠየቃት ሰው ሳይኖር። ከዚያ ወደዚያ ቁልቁለት ወጥታ መውረድ ጀመረች፣ መሃሉ ላይም ቀጥ ብላ ቆመች። ሰው አየ። እንደገና ወረደች፣ እንደገና ቆመች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር፤ ነፋሱን ወዳው ነው ብዬ አሰብኩ። ባሏ የሞተበትን ቦታ አልፋ ሁለት ጊዜ ፍሬን የረገጠች ሴት ነፋስ ልትቀበል እንዳልወጣች ማን ይንገረኝ።

ሰኞ አንድ አናጢ መጥቶ ከመኪናዋ ኋላ፣ ድሮ የጎልፍ ዱላ ይቆምበት ከነበረው ቦታ በግራ በኩል፣ ባለ ቁልፍ የእንጨት ሣጥን ገጠመላት። ሐሙስ ጎማው ግርርር አለ።

አራተኛው ቅዳሜ አጎቴ ድምፁን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። ከሥር ገባ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ነካ፣ ቀይ ነጥቦቹ እንዳሉ ናቸው። «ይህ ሁሉ ጭነት ከየት መጣ?» እያለ ከራሱ ጋር አወራ። ከዚያ ሣጥኑን አየና ምን እንዳለበት ጠየቃት።

«የሴት ዕቃ» አለች አያቴ።

አጎቴ እስከ ጆሮው ቀላ። እንደ ምንም ብሎ ይከብድ እንደሆነ ጠየቀ፤ ጥላና ሹራብ ምን ይከብዳል ብላ መለሰችለት። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። በዓለም ላይ ስንት ዓይነት መካኒክ እንዳለ አላውቅም፣ እናቱ የሴት ዕቃ ያለችውን ሣጥን ከፍቶ የሚያይ ግን ያለ አይመስለኝም። ስለዚህ ምስኪኑ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ዋለ። ማምሻውን ባሌስትራው ላይ አንድ ተጨማሪ ብረት ደርቦ አሰረ፣ ድምፁ ጠፋ፣ እኔ ፈረምኩ፣ ሄደ። በሳምንቱ ሐሙስ ጎማው እንደገና ግርርር አለ።

እኔ ግን ጭነቱ ከየት እንደመጣ ወዲያው ገባኝ። አያቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ማር የተቀባ ዳቦ እየበላች ነበር። ለቤተሰቡ ስል ዘመቻ ጀመርኩ። ዳቦዋን ቀድሜ በላሁ። ማሩን ከአልጋዬ ሥር ደበቅኩ፣ እዚያ እንዳይበላሽም በላሁት። ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ሄጄ ሐኪም እንደከለከላት ነገርኩት፤ እሱም ደንግጦ ምን አመማት ብሎ ሊጠይቃት መጣ፣ ዳቦም ይዞላት መጣ። በአንድ ሳምንት ውስጥ በእናቴ ክሊኒክ ሚዛን ላይ እኔ ሁለት ኪሎ ጨመርኩ። አያቴ ግራም አልቀነሰችም። እንግዲህ የምትበላውን የምትደብቅበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ባለ ቁልፍ ሣጥን አንድ ብቻ ነው።

አምስተኛው ቅዳሜ ዝናብ አዝሎ ሳይዘንብ ዋለ። አጎቴ ከጠዋት ጀምሮ ከመኪናዋ ሥር ነው። ፍሬኑን አየ፣ ጠመኔ ቀባ፣ አያቴን አስቀመጠ፣ አዞራት፤ ጠመኔው ተጠርጓል። ሁሉን ፈቶ እንደገና አሰረ፤ አሁንም ተጠርጓል። እኩለ ቀን ላይ ወጥቶ ግንቡን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ያያቸዋል።

«እማዬ፣ እጄ አልሆን ብሏል» አለ። «የእንጨት መጋዘን ዘበኛ ይፈልጋሉ፣ ሰኞ እገባለሁ። ጋራዡን እዘጋለሁ።» መዳፎቹን በሱሪው ጠረገና ደግሞ፣ «ምናልባት እሱ እውነቱን ነው። ምናልባት አባባን እኔ ነኝ የገደልኩት» አለ።

አሁን ሳስበው አያቴ ልጇን ወደ ቤቷ ልታመጣበት ያጠመደችው ወጥመድ ቅስሙን ሲሰብረው ቆማ እያየች ነበር። ሻይ ጠጥተህ ሂድ፣ የምነግርህ አለ ብላ እየጎተተች ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው። የመጋረጃው ንቅናቄ ቆመ። እኔ በበኩሌ ከፍቶኛል ብል ውሸት ነው፤ የማይረባ መካኒክ ሥራውን በፈቃዱ ሲተው ለከተማው ጥሩ ዜና ነው። ይልቅስ አያቴ ሻርፗን ወንበሩ ላይ ረስታዋለች፣ የሣጥኑ ቁልፍ ደግሞ በሻርፏ ጫፍ ታስሯል።

ከፈትኩት። ዳቦ የለም። ማር የለም። ከአንድ አሮጌ ብርድ ልብስ ሥር ሦስት የሚዛን ብረቶች ተኝተዋል፤ አያቴ በጉብዝናዋ ጊዜ የእህል ነጋዴ ነበረችና ከዚያ የተረፉ ናቸው። ሁለቱ ላይ ሃያ፣ አንዱ ላይ አሥር የሚል ተቀርጾባቸዋል። መደመር እችል ነበር። አያቴ እየበላች ሳይሆን መኪናዋን እያበላሸች መሆኗ በአንድ ጊዜ በራልኝ፤ በሕይወቴ እንዲህ ያለ ዜና እጄ ገብቶ አያውቅም። ማስረጃውን ላወጣ አሥሩን ገፋሁት፣ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ ጠርዙን ሰበረው። አንዱን ሃያ በሁለት እጄ እየጎተትኩ ከጠርዙ አሳለፍኩት። እሱ ያረፈው የእግሬ አውራ ጣት ላይ ነው።

ጩኸቴ ሁሉንም አወጣቸው። አጎቴ ከወጥ ቤት እየሮጠ መጣ፣ አያቴ ከኋላው እያነከሰች፣ አባቴም በካልሲው ከክፍሉ ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ። አጎቴ አንስቶኝ ወንበሩ ላይ አስቀመጠኝ፤ አያቴ እግሬን በሻርፗ ጠቀለለችው። እኔ እያለቀስኩም ቢሆን ሥራዬን አልተውኩም። መኪናዋን ስታበላሽ የቆየችው እማማ እንደሆነች፣ ሃምሳ ኪሎ ብረት እንደደበቀችና ይህንን ያጋለጥኩት እኔ እንደሆንኩ በዝርዝር አስታወቅሁ።

አጎቴ ብረቶቹን አየ። ሣጥኑ ውስጥ የቀረውን ሃያም ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ባዶ እጁን በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ሰደደ፤ ሁለት ጣት ገባ።

«እንድትመጣ ብዬ ነው፣ ልጄ» አለች አያቴ። «ስትጨርሰው የምትቀር መሰለኝ። አሁንም ልነግርህ ነበር ያስገባሁህ።»

አጎቴ ይቆጣል ወይም ይስቃል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሁለቱንም አላደረገም። ብረቱን በእግሩ ነካ አደረገው። መካኒክ ነዋ፣ ሁሉም ሰው ምን እንደሆነ ሲያይ እሱ እንዴት እንደሆነ ነው የሚያየው።

«ማን ሰቀለልሽ?» አላት።

«ማን ይሰቅልልኛል፣ እኔው ነኝ።»

«አንቺ ማንቆርቆሪያ ማንሳት አቅቶሽ ሬዲዮ ነች የምትቀዳልሽ። ይህን ማን ሰቀለው?»

እኔም ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ሣጥኑ ከወገቤ በላይ ነበር፤ እኔ እንኳ ማውረድ እንጂ መስቀል አልችልም። ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

ደረጃዎቹን በካልሲው ወረደ። አጎቴ ዞሮ አየው። ዓመት ተመንፈቅ ሙሉ ያልተያዩ ሰዎች፣ በመካከላቸው አንዲት የጎልፍ መኪናና አንዲት ጣቷ የተቀጠቀጠ ልጅ ብቻ ነበሩ።

«አሥሩን አስቀምጥልኝ አለችኝ» አለ አባቴ፤ የሚያየው ብረቱን ነው። «አስቀመጥኩ፣ ጎማው አልነካም። እንድትመለስ ብዬ ሃያውን በራሴ ጨመርኩ። አንተ አንድ ብረት ስትደርብበት እኔም ሌላ ሃያ ጨመርኩ። ባሌስትራህ አልወርድ አለኝ።»

ከወንድሙ አፍ ስለ ሥራው ጥሩ ነገር ሲሰማ የመጀመሪያው መሆን አለበት። አባቴ ላቡን በእጅጌው ጠረገ፤ የቀረው ከዚያ ብረት ይልቅ የሚከብድ ነበር።

«የትራፊክ ፖሊስ የምርመራ ወረቀት ወር ሳይሞላ መጥቶ ነበር» አለ። «ፍሬኑ ደህና ነበር። አባባ ቦይ ከመግባቱ በፊት ልቡ ቆሟል። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ዓመት ከአምስት ወር።»

«ታዲያ ለምን?»

«አፌ እምቢ አለኝ። ቀን በጨመረ ቁጥር ይብስበታል።»

አያቴም ወረቀቱን አታውቅም ነበር። በግንቡ ተደግፋ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ እንደማይታጠፍ የረሳች መሰለኝ። አጎቴ መፍቻውን ይዞ ነበር፤ ይመታዋል ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ብሆን እመታው ነበር። አንድ ሰው ስሙን፣ ሥራውን፣ የእናቱን ቤት አጥቶ፣ መልሱ አምስት ኪሎ ሜትር በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ኖሯል። መፍቻውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«እዚህ ነገርከኝ» አለው። «ያልከው ግን በሰው ፊት ነው።»

አባቴ ጫማውን እንዳምጣለት አዘዘኝ፣ እግሬን ሲያይ ራሱ ሄዶ አመጣ፣ አደረገ፣ መኪናዋ ላይ ወጥቶ በቀኙ በኩል ተቀመጠ። ወንድሙ ከነካው መኪና ላይ ሲቀመጥ ከቀብሩ ወዲህ ያን ቀን ነው የመጀመሪያው።

«እንሂድ በሰው ፊት» አለ።

እኔ ካልሄድኩ ብዬ እሪ ስላልኩ ከኋላ ሣጥኑ ላይ ጫኑኝ፤ የቀረውን ሃያ አጎቴ አውጥቶ ግቢ ጣለው። አባቴ ሊቀጣ እየተወሰደ እንደሆነ አልተጠራጠርኩም። ብረት ደብቆ ሰው ማድከሙ በየቤቱ ሊነገርበት ነው፣ ይህ ሲሆን ደግሞ የምሥራቹን ያበሰርኩት እኔ በቦታው መገኘት አለብኝ። ጣቴ እንደ ልብ ይመታ ነበር፤ ቢሆንም በሕይወቴ እንዲህ ደስ ብሎኝ መኪና ላይ ተቀምጬ አላውቅም።

መጀመሪያ የቆምነው ዳቦ ቤቱ ጋ ነው። አባቴ ወረደና ጉሮሮውን ጠርጎ «ፍሬኑ ደህና ነበር» አለ። ዳቦ ጋጋሪው ዱቄት የነካው ፊቱን አጨማደደ።

«የየትኛው መኪና ፍሬን?»

አባቴ ይህን አላሰበበትም ነበር። ሰውየው ረስቶታል። እንግዲህ ይቅርታውን ለመናገር ክሱን እንደገና ከመጀመሪያው መተረክ ሊኖርበት ነው፤ ስለ ቀብሩ፣ ስለ ጣቱ፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ መሳቢያው። ተረከ። ዳቦ ሊገዙ የመጡ ሦስት ሰዎች ዳቦውን ትተው አዳመጡ። አንዷ አሮጊት መጨረሻውን ሳትሰማ ስለቀረች ከመሃሉ እንዲደግምላት ጠየቀችው፣ ደገመላት። አጎቴ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ብቻ ያያል፣ አንገቱ ላይ ያለው ጅማት ይዘላል።

ልብስ ሰፊዋ ሰምታ አለቀሰች። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት እሱ መጀመሪያም እንዳላመነው ተናገረ፤ ዓመት ተመንፈቅ ሙሉ መኪናውን ሌላ ጋራዥ ሲያሠራ የኖረ ሰው ነው። ጫማ ጠጋኙ ምንም ሳይል ተነስቶ አጎቴን ጨበጠው። በአምስተኛው ቤት አባቴ ድምፁ ተሰበረ፣ በስድስተኛው ላይ ወሬውን ቀድመው ሰምተው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። የሚዘለል እንዳይኖር ብሎ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገራቸው። ሲመለስ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል፣ መኪናዋ ላይ ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞከረ። ያኔ የሚገባውን ቅጣት እያገኘ ነው ብዬ ረክቼ ነበር። ዛሬ ያን ሰው ሳስበው በዕድሜዬ ካየኋቸው ደፋሮች አንደኛው እሱ ነው፤ ፈሪም እሱ ነበር፣ ዓመት ከአምስት ወር።

አጎቴ መኪናዋን አላስነሳትም። ወንድሙን ዞሮ አየው።

«ይበቃል፣ ጋሼ» አለው። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ጋሼ ሲለው አልተሰማም ነበር።

አባቴ ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ወደ ታችኛው መንገድ አመለከተ።

«ፀጉር አስተካካዩ ይቀራል» አለ። «ንዳ።»